የፎቶ ማስተካከያችሁ ሳትፈቅዱ እንዳይቀየር

ዛሬ ደሴ ፒያሳ ፎቶ ቤቶች ሲወራ የዋለው ይኸው ነው፦ ማታ ደህና የነበረው የፎቶ ማስተካከያ መተግበሪያ ጠዋት ሲከፈት ሌላ ሆኖ ተገኘ። ፕሌይ ስቶር መተግበሪያዎችን በራሱ ብዙውን ጊዜ የሚያድሰው ስልኩ ዋይፋይ አግኝቶ ቻርጅ ላይ ሲያድር ነው።

መከላከል ይቻላል። ፕሌይ ስቶር ላይ የመተግበሪያውን ገጽ ክፈቱ፣ ከላይ በቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ንኩና በራሱ እንዲታደስ የሚፈቅደውን ምልክት አንሱ። የሁሉንም ግን አትዝጉ፤ የባንኩ መተግበሪያ መታደስ አለበት።

ከተቀየረ በኋላ ተናዳችሁ እንዳታጠፉት፣ አደራ! መልሳችሁ ስትጭኑት የሚመጣው ያው አዲሱ ነው፤ ጋለሪ ያልገባ የሠርግ ፎቶ ካለም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። መጀመሪያ ሥራውን በሙሉ ጥራት አውጡና ፍላሽ ላይ ገልብጡ። ከስልኩ ጋር የመጣ ማስተካከያ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ፦ ሴቲንግ፣ አፕስ፣ የመተግበሪያው ስም፣ ሦስቱ ነጥቦች፣ ከዚያ ማሻሻያውን ማራገፍ። ፋብሪካ ወደጫነው ይመለሳል።

ላይትሩም ክላሲክ በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ በኮምፒውተር የምትሠሩ ደግሞ ካታሎጉን (የማስተካከል ሥራችሁ የሚመዘገብበትን ፋይል) ሳትገለብጡ ወደ አዲስ ዋና እትም አትሻገሩ። አዲሱ ያሻሻለውን ካታሎግ አሮጌው አይከፍተውም።