አዌቱን ተከትለን ወደ ቦዬ

ጅማ ሲባል ሰው ቡናዋን ወይ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያነሳል። እኔ የሄድኩት ግን ወንዝ ልከተል ነው። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ተጉዤ፣ በማግስቱ የወንዝ ነፍሳትን ከሚያጠና ወዳጄ ጋር አዌቱ ዳር ወረድን።

ከከተማው በላይ ጀመርን። መረቡን ውሃው ውስጥ ተከለና ከፊቱ ያሉትን ድንጋዮች በቦት ጫማው አመሳቸው። የተያዘውን ነጭ ሳፋ ላይ ገለበጠው። መጀመሪያ ጭቃና ቅጠል ብቻ መሰለኝ። ቆይቶ ጭቃው መንቀሳቀስ ጀመረ! ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ እጭ፣ ጠፍጣፋ ራስ፣ ሦስት ቀጫጭን ጭራ፣ ሆዷ ግራና ቀኝ የሚርገበገቡ ስንጥቦች። ሜይፍላይ የምትባለው ነፍሳት እጭ ናት። «ይቺ ብረት አትችልም» አለኝ፤ መዳብ፣ ዚንክና ካድሚየም የተባሉት ብረቶች ሲበዙ ቀድመው ከሚጠፉት አንዷ ናት።

ወደ ታች ወረድን። ጋራዥና ላቫጆ ያለበት አካባቢ ሳፋው ላይ የቀሩት ቀያይ ትል መሳይ እጮች ብቻ ነበሩ። እርግጥ የሽንት ቤት ፍሳሹም ድርሻ አለው፣ ሁሉንም በብረት ማሳበብ አይቻልም።

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ውሃ በጠርሙስ ቀድተህ ብታስመረምር የምታውቀው የዚያችን ሰዓት ነው። ብረቱ ግን ውሃው ውስጥ ተንሳፎ አይቀመጥም፤ ደለሉ ላይና ድንጋዩን በሚያንሸራትተው አልጌ ላይ ይለጠፋል፣ እዚያ ያለው መጠን ውሃው ውስጥ ካለው በሺዎች እጥፍ ሊበልጥ ይችላል፣ ሜይፍላይዋ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የምትግጠው ያንኑ አልጌ ነው። መርዙ የሚገባት በአብዛኛው ከምግቧ ጋር ነው። ውሃው ጠርቶ እያየነው እሷ ትሞታለች።

ብረትም እንደ ቆሻሻ በስብሶ አያልቅም። አሜሪካ ሞንታና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1908 ጎርፍ የመዳብ ማዕድን ዝቃጭ ጠርጎ ክላርክ ፎርክ ወንዝ ውስጥ ከተተው። ወንዙ ላይ የነበረው ሚልታውን የተባለው ግድብ ከመቶ ዓመት በኋላ ሲፈርስ ከጀርባው የተከማቸው ደለል እየተዛቀ መውጣት ነበረበት።

አዌቱም ደለሉን ይዞ ቦዬ ረግረግ ይገባል፣ ከዚያ ወደ ግልገል ጊቤ። ቦዬ ስንደርስ መንጠቆ የጣለ ልጅ አገኘን። ምን እንደምንሠራ ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። «ወንድሜ፣ ታዲያ ዓሣው ይበላል?»

ወዳጄ ጎኑ ቁጭ ብሎ አስረዳው። ብዙዎቻችን መርዝ ሁሉ ከትንሹ ወደ ትልቁ እየተጠራቀመ የሚሄድ ይመስለናል። ሜርኩሪ እንደዚያ ነው፤ ትልቅ ዓሣ በሊታ ዓሣ ሥጋ ውስጥ ይበዛል። መዳብና ዚንክ ግን ባብዛኛው ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ይቀንሳሉ። ነፍሳቱ ራሳቸው ክንፍ አውጥተው ሲበሩ ከብረቱ ብዙውን ከድሮ ቆዳቸው ጋር ጥለውት ይሄዳሉ። ስለዚህ ዓሣው ላይመረዝ ይችላል፣ የሚበላው ግን ያጣል፤ ወንዝ ዳር ድር የምታደራ ሸረሪትም እንደዚሁ።

ልጁ ዓሣው ለምን እንዳነሰ ሲጠይቅ ወዳጄ ቶሎ አልመለሰለትም። «መረቡን ይዘን እንመለሳለን፤ ውሃውን ብቻ ሳይሆን ጭቃውን፣ አልጌውን፣ ነፍሳቱንም እናስመረምራለን፣ ካንተ ደግሞ አንድ ዓሣ እንገዛለን» አለው። ልጁ «አብሽር፣ እኔ ሁሌም እዚሁ ነኝ» አለን።