«መጽሐፉን የጻፉት አባትየው ናቸው?»

የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌን የመጀመሪያ ረቂቅ ለአማካሪዬ ሳስረክብ ልቤ ሙሉ ነበር። ከሳምንት በኋላ መለሱልኝ። ሦስተኛው ገጽ ላይ አንዲት ቅንፍ በቀይ ተከባለች፦ (ዘውዴ፣ 1991)። ከጎኗ በእጃቸው እንዲህ ጽፈዋል፦ «መጽሐፉን የጻፉት አባትየው ናቸው? ደግሞስ የትኛው 1991?»

የጠቀስኩት ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ስለ ዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ በእንግሊዝኛ የጻፉትን መጽሐፍ ነው። ኤፒኤ (APA) የሚባለው የምንጭ አጠቃቀስ መመሪያ የደራሲውን የቤተሰብ ስም ጻፍ ይላል። እኔም መጨረሻ ላይ ያለውን ስም አንስቼ ጻፍኩ። እኛ ግን የቤተሰብ ስም የለንም። ዘውዴ የአባታቸው ስም ነው። ስለዚህ የአገራችንን ሰው ስንጠቅስ «ባሕሩ» ወይም ሙሉውን «ባሕሩ ዘውዴ» እንላለን። በዋቢ ዝርዝሩም የሚገቡት «በ» ፊደል ውስጥ ነው። «ዘ» ውስጥ ሄዶ የሚፈልጋቸው አንባቢ የለም።

ዓመቱ የባሰ ነበር። መጽሐፉ የታተመው በ1991 እ.ኤ.አ.፣ ደርግ በወደቀበት ዓመት ነው። እኔ የምጽፈው ደግሞ በአማርኛ ነው። አንባቢዬ 1991ን ሲያይ ዓ.ም. ነው ብሎ ነው የሚያነበው። መጽሐፉን ሰባት ስምንት ዓመት ወደፊት ገፋሁት ማለት ነው። ደርግ በወደቀበት ዓመት የወጣ መጽሐፍና ከኤርትራ ጋር ስንዋጋ የወጣ መጽሐፍ በአንድ ዓይን አይነበቡም። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ላይም ተመሳሳይ ስህተት ሠርቼ ነበር። በእንግሊዝኛው ሪፖርት ዓመቱ 2007 ስለሚል፣ እንደ ሁለት ቆጠራ አድርጌ ዘርዝሬዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ከየዓመቱ ጎን ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ሳልጽፍ አላልፍም።

ይህ ሁሉ ግን በአንድ ቀን የሚታረም ነው። ዋናው ጥፋቴ ሌላ ነበር። አንድ የእንግሊዝኛ ጥናት ላይ ያገኘሁትን ሙሉ አንቀጽ፣ ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር ወደ አማርኛ መልሼ ያለ ምንም ስም አስገብቼዋለሁ። ለመስረቅ አስቤ አልነበረም። ቃል ፍለጋ ስንት ሌሊት ስላመሸሁበት የራሴ መሰለኝ። አማካሪዬ እንግሊዝኛውንና የእኔን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡና ጣታቸውን በሁለቱም መስመሮች ላይ እየነዱ አነበቡልኝ። አልተቆጡም። «ልፋቱ ያንተ ነው፤ ሐሳቡ ግን የሰውየው ነው» አሉኝ። ዛሬም ስጽፍ ያ ድምፅ ይሰማኛል።

የኤፒኤ ሰባተኛ እትም ይህን በግልጽ አስቀምጦታል። ራስህ የተረጎምከው ጽሑፍ በራስ አባባል እንደተጻፈ ይቆጠራል። ትእምርተ ጥቅስ አያስፈልገውም፤ የጸሐፊው ስምና ዓመቱ ግን የግድ ነው። ቃል በቃል ስትወስድ ትእምርተ ጥቅስም የገጽ ቁጥርም ትጨምራለህ።

የገጽ ቁጥር ስል ያ መከራ ትዝ ይለኛል። ማስታወሻዬ ላይ ጥሩ ጥሩ ሐሳቦች ሞልተው ነበር፤ ከየት ገጽ እንደመጡ ግን የለም። መጻሕፍቱን መልሻለሁ። ለቁጥር ብቻ ስል ቤተ መጻሕፍት ተመላልሼ ገጽ ስገልጥ ከረምኩ። ሁለት ጥቅሶች ጭራሽ አልተገኙም፤ አወጣኋቸው። አንዱ ለሦስተኛው ምዕራፍ ምሰሶ ነበር፣ በጣም ቆጨኝ።

አሁን መጽሐፍ ስከፍት መጀመሪያ የምጽፈው ስም፣ ዓመትና ገጽ ነው። ቃል በቃል የቀዳሁትን በሰማያዊ፣ የራሴን ሐሳብ በጥቁር እጽፋለሁ። በራሴ አባባል መጻፍ ስፈልግ መጽሐፉን ዘግቼ፣ ለጓደኛዬ እንደማስረዳ አድርጌ እጽፍና መልሼ አመሳክራለሁ። ቃሉን ብቻ ቀይሮ የዐረፍተ ነገሩን አጥንት እንዳለ መተው ያው ቅጂ ነው። የዋቢ ዝርዝሩን የማደራጀው ዞቴሮ (Zotero) በሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፤ ነፃ ነው። ግን የእኛን ስም ለሁለት ከፍሎ ይገለብጠዋል። ስሙ በአንድ ሳጥን እንዲገባ የምታደርግ ትንሽ ምልክት አለችው፤ እሷን ተጫኑ።

ሌላው ሰው የጠቀሰውን እኔ እንዳነበብኩት አድርጎ መጥቀስንም ትቻለሁ። ዋናውን ካላገኘሁ «እገሌ እንደጠቀሰው» ብዬ በግልጽ እጽፋለሁ። የአብነት ትምህርት ቤት መምህራን አንድምታ ሲተረጉሙ «እንዲል» እያሉ ቃሉን ለባለቤቱ ይሰጣሉ። ነገሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም።

መጨረሻ ላይ ያስተካከልኩት ለጥናቱ ቃለ መጠይቅ ያደረግኩላቸውን ሽማግሌዎች ጉዳይ ነው። ረቂቁ ላይ «አባቶች እንደሚሉት» ብዬ ነበር። «የትኛው አባት?» የሚል ቀይ ጽሑፍ መጣ። ስለዚህ ፈቃዳቸውን ጠይቄ የእያንዳንዳቸውን ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበትን ቦታና ቀን አባሪው ላይ አሰፈርኩ።

ጽሑፉ ከተጠረዘ በኋላ አንዱን ቅጂ ይዤ ከመካከላቸው ወደ አንዱ ቤት ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው «እኔ የቱ ጋ ነኝ?» አሉ። ገለጥኩላቸው። ስማቸውን ከነአባታቸው ቀስ ብለው አነበቡ። ከዚያ ጣታቸውን ቀኑ ላይ አሳረፉ፤ ኅዳር 12 ይላል። «እውነት ነው» አሉኝ፤ «የኅዳር ሚካኤል ለት ነው የመጣኸው።»