3/5/62 ማለት መቼ ነው? ከሴሚናሪ ወረቀቶች ጋር የተማርኩት

ከ1951 እስከ 1971 ዓ.ም. ያለውን የጊዜ ሰሌዳ በዚህ ሳምንት ጨረስኩ። በጣም ደስ ብሎኛል። የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪን ታሪክ ከድሮ ወረቀቶች መከታተል የትርፍ ጊዜ ሥራዬ ነው። እንደኔ በቤተ ክርስቲያን ወረቀት የምትደክሙ ካላችሁ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ጅማሬው አላስቸገረኝም። ዋና ዋናዎቹን ዓመታት ከመጻሕፍት ማግኘት ይቻላል። ኦኔሲሞስ ነሲብ የተረጎመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የታተመው በ1899 እ.ኤ.አ. ነው። ስዊድናዊው ሚሲዮናዊ ካርል ሴደርኲስት አዲስ አበባ የገባው በ1904 እ.ኤ.አ. ነው። ሴሚናሪው የሚገኝባት የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በአገር አቀፍ ደረጃ የተመሠረተችው ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. ሲሆን ሴሚናሪው በ1960 እ.ኤ.አ. ተከተለ።

የወረቀት አያያዙንም ቶሎ ለመድኩት። የዛገ ስቴፕልና አግራፍ ቀስ ብሎ ማውጣት፣ በእርሳስ ብቻ መጻፍ፣ ከፀሐይ ማራቅ። ላሚኔት ማድረግን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ወረቀቱን አንዴ በፕላስቲክ ካሸጋችሁት መመለሻ የለውም።

ያንገበገበኝ የቀን ጉዳይ ነው። የሴሚናሪው ታሪክ በሁለት አቆጣጠር የተጻፈ ነው። የአማርኛው ደብዳቤ በኛ ቀን ይወጣል። ከጄኔቫ፣ ከስዊድን፣ ከኖርዌይ ወይም ከጀርመን የሚመጣው በፈረንጅ ቀን ነው። እንግሊዝኛው ደብዳቤ ደግሞ አዲስ አበባ ተጽፎም አንዳንዴ በዚህ፣ አንዳንዴ በዚያ ይሆናል።

እስቲ 3/5/62 የሚል ቀን ብቻውን እንውሰድ። በኛ ከሆነ ጥር 3 ቀን 1962 ነው፤ በፈረንጅ ጃንዋሪ 11 ቀን 1970። አውሮፓዊ ከጻፈው ሜይ 3 ቀን 1962 ነው። አሜሪካዊ ከሆነ ማርች 5 ቀን 1962። በአንድ ጽሑፍ ሦስት ቀን፣ መካከላቸው ወደ ስምንት ዓመት የሚጠጋ ልዩነት!

ስምንት ዓመት ቀላል አይደለም። «68» የሚል ደብዳቤ በፈረንጅ ከሆነ ንጉሡ ዙፋን ላይ ናቸው። በኛ ከሆነ ደርግ መጥቷል፣ መሬትም ተወርሷል። ስለ ቦታ ወይም ስለ ሕንፃ የሚያወራ ደብዳቤ በየትኛው ዘመን እንደተጻፈ ካላወቅን ታሪኩ ይገለበጣል።

መፍቻው ምንድነው? መጀመሪያ ፊርማውን እዩ። ቄስ ጉዲና ቱምሳ የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ የሆኑት በ1966 እ.ኤ.አ. ነው። እሳቸው በዚህ ሥልጣን ፈርመው «62» ካለ፣ ያለጥርጥር 1962 ዓ.ም. ነው። «68» ላይ ግን ፊርማቸው ብቻውን አያድንም። እስከተገደሉበት እስከ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ድረስ ሁለቱም ይሆናልና።

ቀጥሎ የሳምንቱ ቀን አለ። ደብዳቤው ውስጥ «ዛሬ ሰኞ» ወይም «ነገ ዓርብ» የሚል ካለ ወርቅ ነው። ከላይ ያሉት ሦስቱ ቀናት በቅደም ተከተል እሑድ፣ ሐሙስና ሰኞ ይውላሉ። ስለዚህ አንዲት ቃል ትፈታዋለች።

ከሁሉም የምወደው መሣሪያ ግን የወጪ ደብዳቤ ቁጥር ነው። መዝገብ ቤቱ በተራ ቁጥር ስለሚሰጥ፣ ቀናቸው በታወቀ ሁለት ደብዳቤዎች መካከል የገባው ራሱን ያጋልጣል። ለዚህ ነው የፋይል ቅደም ተከተል እንዳይነካ የምለው። አንድ ቦታ ፋይሉን በርዕስ በርዕስ ከፋፍለው፣ ግልባጩን ከደብዳቤው ለይተው ሲያስቀምጡ አይቻለሁ። ለማገዝ ብለው ነው። እኔ ግን እስካሁን ይቆጨኛል። ቅደም ተከተሉ አንዴ ከተበተነ ማንም አይመልሰውም።

ለቅየራ የስልክ አፕ አለ፤ ጥሩ ነው። ግን የወር መግቢያዎቹን በቃል መያዝ ይበልጣል እላለሁ። ጥር 1 ጃንዋሪ 9 ነው፣ የካቲት 1 ፌብሩዋሪ 8፣ መጋቢት 1 ማርች 10፣ ሐምሌ 1 ጁላይ 8። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜ 6 ስትሆን ቀጣዩ ዘመነ ዮሐንስ ሴፕቴምበር 12 ይገባል፤ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻም ሁሉም በአንድ ቀን ይገፋል። 1952 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ዓመት ነበር። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያኒቱ ምሥረታ ጃንዋሪ 21 ቀን 1959 ላይ ሲውል፣ አንደኛ ዓመቱ ጃንዋሪ 22 ቀን 1960 ላይ ነው የዋለው።

ዓመቱ ብቻ ሲጻፍም ስምንት መቀነስ አይበቃም። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ ሰባት ነው። «1960 እ.ኤ.አ.» ተብሎ ወር ካልተጠቀሰ እኔ 1952/53 ዓ.ም. ብዬ እጽፋለሁ። ሲያዩት ደስ አይልም፤ ግን እውነቱ እሱ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለውንም ቀን አልለውጥም። እንዳለ እገለብጠውና ቅየራውን በቅንፍ አደርጋለሁ። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሌለው ዓመት ሰሌዳዬ ላይ አይገባም።

እውነቱን ለመናገር ይህን ቀን ማመሳከር ከስብከቶቹና ከትምህርት ማስታወሻዎቹ ይልቅ ይስበኛል። እነሱን ገና በቅጡ አላነበብኳቸውም። ስካን ማድረግም ትዕግሥት ይፈልጋል፤ እሱ ላይ የሚረዳ ሰው ቢገኝ ደስታውን አልችለውም።

ቀጣዩ ሥራዬ የምረቃ ፎቶዎች ናቸው። ቤታችሁ ካለ ጀርባው ላይ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ፣ ስሞቹን ከግራ ወደ ቀኝ ጻፉልኝ። የአባት ስም አይቅር። ዓመቱንም ከነአቆጣጠሩ።