በርጩማ ያላት ቪታራ

መኪናዬ ውስጥ የማይጠፉ ሦስት ነገሮች አሉ። ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ እና የቡና በርጩማ። ሁለቱ ከመኪናዋ ጋር የመጡ ናቸው። የበርጩማው ነገር ግን ረዘም ይላል።

ቪታራ ናት። አሮጌዋ፣ ትርፍ ጎማዋን እንደ ሕፃን ጀርባዋ ላይ ያዘለችው። ሰፈራችን መግቢያ ላይ አንድ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ነበር። ማን እንደሠራው አይታወቅም። ሲሠራው ግን ተናዶ ነበር። ባለፍኩ ቁጥር የመኪናዬ ሆድ ይፋቅበታል፤ ድምፁ የተቃጠለ ድስት በማንኪያ ሲፋቅ ነው። ጎረቤቴ ደግሞ ላንድክሩዘር አለው። ጉብታው ላይ ሲደርስ ፍሬን እንኳ አይነካም። ከላይ ሆኖ እጁን ያነሳልኛል። ሰላምታው ራሱ ቁልቁል ነው የሚመጣው።

ይህን ብሶቴን አንድ ቀን ካዛንቺስ ማኪያቶ እየጠጣን ለሥራ ባልደረባዬ ነገርኩት።

«ታዲያ ለምን አታስነሳትም?» አለኝ።

«በየቀኑ ጠዋት አስነሳታለሁ እኮ። ባትሪዋም አዲስ ነው።»

«እሱን አይደለም የምልህ። ከፍ አድርጋት! ሁለት ኢንች!»

ሁለት ኢንች 5 ሴንቲ ሜትር ነው። በጣቶቼ ለካሁት። ምንም አይደለችም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ልኬት ነው።

ቅዳሜ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። መርካቶ አካባቢ ያለ የመለዋወጫ ሰፈር ነው፤ ባለ መኪና ሁሉ ያውቀዋል። ሁለት ምርጫ ነበረኝ። አንደኛው ረዘም ያለ አዲስ ሞላ ከሚስማማው ሾክ አብዞርበር ጋር መግዛት ነው። ሁለተኛው በድሮው ሞላ አናት ላይ የሚገባ ወፍራም ቀለበት ነው፤ ስፔሰር ይሉታል። የመጀመሪያው ትክክለኛው ነው። ሁለተኛው ርካሹ ነው። የትኛውን እንደገዛሁ መገመት አያቅታችሁም። ዋጋውን ግን አልጠቅስም፤ ባለቤቴም ይህን ታነባለች። ሻጩ ለአራቱም ጎማ እኩል ውፍረት ያላቸው አራት ቀለበቶች በፌስታል አድርጎ ሰጠኝ። «ወንድሜ፣ ተራራ ትወጣበታለህ» አለኝ። እኔ የፈለግኩት ጉብታውን ብቻ ነበር።

መካኒኩ ግማሽ ሰውነቱ መኪና ሥር የሚኖር ሰው ነው። ፊቱን ሙሉ በሙሉ ያየሁት ሒሳብ ስከፍል ነው። መኪናዋን በክሪክ አነሳት፣ ሞላዎቹን አወጣ፣ ቀለበቶቹን ከተተ። ከዚያ ያገኘውን ቡሎን ሁሉ ጥርሱን ነክሶ አጠበቀ። ጎማዎቹ አየር ላይ እንደተንጠለጠሉ። ይህቺን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ትመጣለች።

ሲያወርዳት አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የኋላዋ ልክ እንደታሰበው ከፍ ብሏል። የፊቷ ግን ሌላ ነው። አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀስራለች። እስክስታ ልትወርድ ደረቷን የነፋች ነው የምትመስለው።

«ጋሼ፣ የፊቷ አልበዛም?» አልኩ።

«ይቀመጣል። ሞላ ነው፤ ሲነዳ ይቀመጣል።»

አዲስ ሞላ ትንሽ ሲነዳ ዝቅ ማለቱ እውነት ነው። የእኔ ሞላ ግን ከተቀመጠ ዘመኑ ነው። አዲሱ ቀለበቱ ነው። ቀለበት ደግሞ ምን ብሎ ይቀመጣል?

ከጋራዡ ስወጣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። የታክሲዎቹን ጣሪያ አየሁ። የትኛው እንደዛገ ሁሉ ለየሁ። ደስታዬ ሜክሲኮ አደባባይ እስክደርስ ነው የቆየው። ቀጥ በይ ስላት ግራና ቀኝ ታማርጣለች። አንዱ ጎማ ፒያሳ፣ ሌላው ቦሌ ቀጠሮ ያለው ይመስላል። ለስላሳ ወለል ላይ ሳዞራት ደግሞ ጎማዎቹ ይጮኻሉ።

አንድ ጎሚስታ ጋ ቆምኩ። ልጁ ገና ከሩቅ አይቶ ምርመራውን ጨረሰ።

«አላይመንት ነው ብሮ። በዓይን አስተካክልልሃለሁ።»

ሲባጎ አወጣ። ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ጎማ ወጠረው። አንድ ዓይኑን ጨፈነ። በነገራችን ላይ ሲባጎን አትናቁ፤ ትዕግሥት ያለው ሰው የጎማን አቅጣጫ በሲባጎ አሳምሮ ይለካል። ጥፋቱ የሲባጎው አልነበረም። ከመሪው ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግ በግራም በቀኝም አለ፤ ጫፉ ላይ ቴስቲናው ይገባል። ደንቡ ሁለቱንም እኩል ማዞር ነው። የቀኙ ዝጎ እምቢ አለው። እሱም አልተጨቃጨቀም። ሁሉንም ከግራው ላይ ወሰደ። ጎማዎቹ ተስማሙ። መሪው ግን ተጣመመ። የመሪው አናት ወደ ቀኝ ዞሮ፣ በሰዓት ላይ የ2 ቁጥር ያለችበት ቦታ ሲደርስ ነው መኪናዋ ቀጥ የምትለው።

«ትለምደዋለህ» አለኝ። እውነትም በሦስተኛው ቀን አንገቴ አብሮ መጣመም ጀመረ።

ወር በገባ በ23 ጊዮርጊስ ነው። አማቴ አይቀሩም። ጠዋት ነጭ በነጭ ለብሰው ከቤት ወጡ። በሩን ከፈትኩላቸው። ወንበሩን ቀና ብለው አዩት።

«ልጄ፣ ይሄ መኪና ነው ፎቅ?»

«ትንሽ ከፍ አድርጌያት ነው እማማ።»

«ለምን? ጎርፍ ይመጣል ተባለ?»

እግራቸውን አነሱ። አልደረሰም። ቀሚሱ ያዛቸው። ልደግፋቸው ስል «ተው፣ ሰው ያያል» አሉኝ። ባለቤቴ ሮጣ ገብታ የቡና በርጩማዋን ይዛ መጣች። እሱን ረግጠው ወጡ። በርጩማውን ልመልስ ስል ግን ከላይ ሆነው አስቆሙኝ። «ያዘው እንጂ። ጊዮርጊስ ስንደርስ መውረድ የለም?»

ፒያሳ ደረስን። ዳግማዊ ምኒልክ በሐውልታቸው ፈረሳቸው ላይ ናቸው። እኔ በርጩማ አስፋልት ላይ አስቀምጬ አማቴን አወርዳለሁ። ጧፍ ሻጮቹ ሥራ ፈተው ያዩናል። አማቴ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ሐውልቱን ቀና ብለው አዩ።

«እሳቸው እንኳ እርካብ ነበራቸው» አሉ።

ምን ይባላል? የአገሩ የመጀመሪያ መኪና የገባው በእሳቸው ዘመን ነው። ያዘኑብኝ መሰለኝ።

ከቅዳሴ መልስ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ያዝኩ። ጎዳናው ቀጥ ያለ ነው። መሪዬ ግን 2 ቁጥር ላይ ነው። ትራፊኩ ከፊት ለፊት አይቶኝ ፊሽካውን ነፋ።

«መንጃ ፈቃድ። ወዴት ልትታጠፍ ነው?»

«ቀጥታ ነኝ።»

«መሪህ ወደ ቀኝ ነው እኮ።»

«እንደዛ ሲሆን ነው ቀጥ የሚለው።»

ዝም ብሎ አየኝ። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ አሸተተ። «ጠጥተሃል?»

መልሱን አማቴ ቀደሙኝ። «የኔ ልጅ፣ የጠጣነው ጸበል ነው። ለመኪናዋም ረጭቼላታለሁ። እስካሁን አልያዛትም።»

ትራፊኩ ፊቱን አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። መንጃ ፈቃዴን ሲመልስልኝ «ዛሬውኑ አሠራት» አለ።

በማግስቱ የአላይመንት መሣሪያ ያለው ቤት ሄድኩ። ባለሙያዋ ወጣት ልጅ ናት። መሣሪያውን ቶሎ አልሰካችም። መጀመሪያ የጎማውን ንፋስ ለካች። ጎማዎቹን በሁለት እጇ ወዘወዘች፤ ቴስቲናው ካላላ ማስተካከሉ ከንቱ ነው አለችኝ። ባትሪ አብርታ ሥሯን አየች። ከዚያ የፊት ጎማዎቹን በሚሽከረከር ሳህን ላይ አወጣች፣ አራቱም ላይ መለኪያ አሰረች። ስክሪኑ ቀይ በቀይ ሆነ።

«ቴሌቪዥኑ ተበላሸ እንዴ?» አልኳት።

«ኧረ የእርስዎ መኪና ነው። ማን አስነሳት?»

ሦስት ቁጥር አሳየችኝ። ካምበር ማለት ጎማው ከፊት ሲታይ ማዘንበሉ ነው፤ የእኔዎቹ ከላይ ወደ ውጭ ተንጋድደዋል። ቶ ማለት ከላይ ሲታዩ እንደ ሰው እግር ጣት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መጠቆማቸው ነው። ካስተርን ስታስረዳኝ የብስክሌት ፊት አሳየችኝ። መሪው የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ ጋደል ስለሚል ነው ብስክሌት ቀጥ የሚለው። የእኔ ካስተር ተርፏል። ከሦስቱ አንዱ ሰላም ነበር።

አፍንጫዋ ለምን እንደተቀሰረም ነገረችኝ። በቪታራ የፊቱ ሞላ የሚቀመጠው ጎማው አጠገብ አይደለም። ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ታችኛው ክንድ ላይ ነው። እዚያ የጨመርካት ትንሽ ነገር ጎማው ጋ ስትደርስ ትበዛለች። እኩል ቀለበት ማለት እኩል ከፍታ አይደለም። ሻጩ ይህን ያውቅ ነበር? አላውቅም። እኔ ግን አልጠየቅኩም።

የፊቶቹን ቀለበቶች በቀጭን ለወጠች። ከዚያ መኪናዋን በጎማዋ መሬት ላይ አቁማ የክንዶቹን ቡሎኖች ፈትታ እንደገና አጠበቀች። ያቺ ልብ በሉልኝ ያልኳችሁ ነገር ይቺ ናት። ጎማው ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ክንዱ ውስጥ ያለው ላስቲክ ተጠምዝዞ ይኖራል፤ ቶሎም ይበጠሳል። ለካምበሩ ወጣ ገባ ያለ ልዩ ቡሎን አስገባች። የዛገውን የቀኙን ዘንግ ዘይት አጠጥታ ጠበቀችው። ቡና ደርሼ ስመለስ ተፈትቷል። መሪውን ቀጥ አድርጋ አሰረችና ሁለቱንም ጎን እኩል አዞረች። ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ።

«500 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ ይመለሱ፤ ደግሜ አያታለሁ» አለችኝ።

መሪው ቀጥ፣ መንገዱ ቀጥ፣ እኔም ቀጥ። በ2016 የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር መንገዱ ተቆፍሮ ስንት ስሳደብ ነበር። አሁን መሀል ከተማው እንደ ምጣድ ለስልሷል። ጉድጓድ በዓይኔ ፈለግኩ። ለዚህ ሁሉ ወጪ አንድ ጉድጓድ እንኳ ይጥፋ? ግድ የለም፣ ጉብታው አለ ብዬ ወደ ሰፈር ገሰገስኩ። መግቢያው ላይ ስደርስ እግሬን ከፍሬን ላይ አነሳሁ። ልክ እንደ ጎረቤቴ።

ምንም የለም። አስፋልቱ አዲስ ነው፣ ገና ይሸታል። እኔ መኪናዬን ሳስነሳ እነሱ ጉብታውን አንስተውታል።

እዚያው ቆሜ ስስቅ ስልኬ ጮኸ። ባለቤቴ ናት።

«የት ደረስክ? ቡና ተፈልቷል፣ እንግዳ ቆሟል። በርጩማዬን ይዘህ ና!»