ልሂድ ወይስ ልቀመጥ?

ባንክ የሰራ ሰው ያውቀዋል፣ በየጊዜው ከዲስትሪክት ሰው ይመጣና ስለ ደንበኛ አያያዝ ስልጠና ይሰጠናል። ፕሮጀክተር ይተከላል፣ ደንበኛ ንጉስ ነው ይባላል፣ ፈገግ በሉ ይባላል፣ ሻይና ኩኪስ ይቀርባል፣ ከዛ ሰኞ ጠዋት ሁላችንም ያንኑ ፊታችንን ይዘን ካውንተር ላይ ቁጭ። ስልጠና ጠልቼ አይደለም፣ ግን ስለዚህ ነገር የማውቀውን አብዛኛውን የተማርኩት ከቅርንጫፋችን ጥበቃ ነው።

ጊዜው 2013 ነው፣ መስከረም 4 ቀን የብር ኖት ቅያሬው የታወጀ ሰሞን። መርካቶ አካባቢ አንድ ቅርንጫፍ ውስጥ ሲኤስኦ፣ ማለትም የደንበኞች አገልግሎት ኦፊሰር ነበርኩ። 10፣ 50 እና 100 ብር ይቀየራሉ፣ 200 ብር አዲስ ይወጣል፣ ለቅያሬው የተሰጠው 3 ወር። መርካቶ ደግሞ መርካቶ ነው፣ ብሩ ከየት እንደሚወጣ እግዜር ይወቀው፣ በፌስታል ይመጣል፣ በካርቶን ይመጣል፣ በማዳበሪያ ይመጣል። ኮሮናም ስለነበር ማስክ አድርገን ነው የምንሰራው፣ ሰው ተራርቆ ይቁም ስለተባለ ሰልፉ ከህንጻው ወጥቶ አስፋልት ላይ ይታጠፋል።

እዚ ጋር ስለ ካሸር ፊት አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ሰው ኩራት ስለሚመስለው። ማታ ሂሳብ ሲዘጋ ሾርት ከመጣ፣ ማለትም ብር ከጎደለ፣ የሚከፍለው ካሸሩ ነው፣ ከገዛ ኪሱ። የመቶ ብር አንድ እስር 100 ኖት ነው፣ 10 ሺ ብር ማለት ነው፣ አንዷን እስር ያሳሳተ ሰው ደሞዙን ረሳው ማለት ነው። ያረጀ ኖት ደግሞ የብር መቁጠሪያ ማሽኑ ይነክሰዋል፣ ይቆማል፣ አውጥተህ በእጅ መቁጠር ነው። እና ልጅቷ እየቆጠረች "እንዴት አደርሽ" ስትላት ቀና ብላ ከመለሰችልህ ቁጥሩ ጠፋባት፣ እንደገና ከ1 ትጀምራለች። ፈገግ በሉ የሚለው አሰልጣኝ ይሄን አንድ ቀን አንስቶ ሰምቼ አላውቅም።

በዛ ሰሞን በአንዱ ቀን፣ ሰልፉ በጣም በበዛበት ሰአት ኔትወርክ ጠፋ። ከካሸሯ ፊት ተረኛ የነበሩት በርበሬ በረንዳ የሚነግዱ እትዬ ናቸው፣ ማዳበሪያቸውን እግራቸው ስር አድርገዋል፣ ከሱ የሚወጣው ሽታ ራሱ ያስነጥሳል። ካሸሯ ቀና ሳትል "ሲስተም የለም" አለች።

"መቼ ይመጣል?"

"አይታወቅም እትዬ።"

"ዛሬ ይመጣል?"

"እኔ ምን አውቃለሁ?"

እትዬ ትንሽ ዝም አሉና ድምጻቸውን ከፍ አድርገው፣ "ልጄ፣ የናንተ ሲስተም እኔን ምን ያደርግልኛል? ልሂድ ወይስ ልቀመጥ? እሱን ብቻ ንገሪኝ!" አሉ። ከኋላ ያለው ሰልፍ እውነታቸውን ነው ብሎ ተንጫጫ። ማናጀሩ ከመስታወት ክፍሉ ወጥቶ "ውድ ደንበኞቻችን ትንሽ በትዕግስት" ሲል ጭራሽ ባሰበት፣ አንዱ "ትዕግስቱን አንተ ሰልፍ ላይ ቆመህ አሳየን" አለው፣ እኛም ሳቃችንን በማስክ ደበቅን።

ያበረደው ጥበቃው ነው። ጋሼ ነው የምንለው፣ ጠና ያለ፣ ድሮ ወታደር የነበረ ሰው። ከበሩ መጣና "እትዬ፣ ጎረቤት ያለው ባንክም ጠፍቶበታል፣ ስለዚህ የእኛ ብቻ አይደለም፣ እንዲህ ሲሆን ቶሎ አይመጣም። እርስዎ ግን ይሄን ሁሉ ብር ተሸክመው ወደ ሱቅ አይመለሱ፣ እዚህ ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ ሱቅ ላለው ልጅ ደውለው ይንገሩት" አላቸው። ከኋላቸው ለነበረው ጎረምሳ ደግሞ "አንተ የያዝከው ትንሽ ነው፣ ስልክህን ጻፍልኝና ሥራህ ሂድ፣ ሲመጣ እደውልልሃለሁ፣ ተራህ አይነካም" አለው። ለካ ጋሼ የተማሪ ደብተር ይዞ ይሄን ነገር ሲሰራበት ቆይቷል፣ ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ከጎረቤት ባንክ ጥበቃ ጋር ከበር በር በእጅ ምልክት ይጠያየቃል፣ ስልክ ይመዘግባል፣ በራሱ ካርድ ይደውላል። እኛ ውስጥ ሆነን የማናውቀውን እሱ በር ላይ ሆኖ ያውቃል።

ማናጀሩ ደብተሩን ሲያይ ተቆጣ። እዚ ላይ አልፈርድበትም፣ መርካቶ ውስጥ ብር ይዘው የሚመጡ ሰዎች ስምና ስልክ በር ላይ በደብተር መቀመጡ ያስፈራል፣ አንድ ነገር ቢፈጠር መጀመሪያ የሚጠየቀው ጋሼ ነው። ደብተሩ ተወሰደ። ደግነቱ ሃሳቡ አብሮ አልተጣለም፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ከእኛ ከኦፊሰሮቹ አንዱ ካውንተሩን ለቆ ሰዉ መሀል ይቁም ተባለ፣ ብዙ ጊዜ እኔ ነበርኩ የምወጣው። ሥራው ሌላ አይደለም፣ አዲስ ነገር ኖረም አልኖረም በየግማሽ ሰአቱ ለሰዉ መናገር፣ ማን ይቀመጥ ማን ይሂድ ብሎ መለየት፣ የሚሄደውን ተራ መያዝ። ካሸሮቹም እስሩን ከመፍታታቸው በፊት ሰላምታ ሰጥተው ከዛ "እየቆጠርኩ ነው፣ ስጨርስ አናግርዎታለሁ" እንዲሉ ተስማማን፣ የማሽኑም ማሳያ ወደ ደንበኛው ዞረ፣ ይቺ የመጨረሻዋ ቀላል ትመስላለች ግን "ጎድሎብኛል፣ ሰርቀሽኛል" የሚለውን ጭቅጭቅ በጣም ነው የቀነሰችው። ፈገግታው እንኳን ያው ነው፣ ማንም ፈገግ አላለም፣ ግን ደንበኛ መጮህ አቆመ።

በኋላ ከዲስትሪክት መጥተው አዩና ወደዱት፣ ቤስት ፕራክቲስ ተብሎ ፎቶ ተነሳን፣ ማናጀሩ ለሌሎች ቅርንጫፎች እንዲያቀርብ ተጋበዘ። የጋሼ ስም አልተነሳም። የኤጀንሲ ቅጥር ስለሆነ ቦነስ የለው፣ እድገት የለው፣ ስልጠናው ላይ እንኳን በር ይጠብቅ ተብሎ ሻዩ ነው ውጪ የሚላክለት። እኛ አዋጥተን ለበዓል የሆነች ነገር ሰጠነው፣ ያው እሷም ምን ያህል ታስኬዳለች።

ዓመት ሳይሞላ ኤጀንሲው እዛው መርካቶ ወደሌላ ባንክ አዛወረው። ከዛ በርበሬ በረንዳዋ እትዬ መጥተው ሂሳባቸውን ዘጉ፣ ለምን እትዬ ስላቸው "ጋሼ ያለበት ይሻለኛል" አሉኝ፣ ሌሎችም ተከተሏቸው። በወሩ ስብሰባ ላይ ማናጀሩ ዴፖዚታችን ለምን ቀነሰ ብሎ ጠየቀ፣ ጋሼ ስለሄደ ነው አልኩት፣ ቤቱ ሳቀ። ሪፖርቱ ላይ ምክንያቱ "በአካባቢው የባንኮች ውድድር መጠናከር" ተብሎ ተጻፈ።