ዘጠነኛው ክብ

ዛሬ ያለምክንያት ሆድ የሚያባባ ቀን ነው። ጠረጴዛው ላይ የእሷ የቀን መቁጠሪያ ተዘርግቷል፤ ሱማትሪፕታን የተባለውን የማይግሬን ኪኒን የዋጠችባቸው ቀኖች በቀይ እስክሪብቶ ተከብበዋል። ወሩ ገና 20 ነው፣ ክቡ ግን ዘጠኝ።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው የኪኒኑን ስም ነው። እኔ ሰዓቱን ባስቀድም እወዳለሁ። ማይግሬን ሲነሳ ጨጓራም ሥራውን ያቀዘቅዛል፤ ራስ እስኪፈለጥ ተጠብቆ የተዋጠ ኪኒን ወይ እዚያው ተኝቶ ይቆያል፣ ወይ በትውከት ይወጣል። ስለዚህ ገና ሲጀምር፣ ያውም ሙሉውን መጠን፦ የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ለሌለበት አዋቂ ኢቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም፣ አለዚያ ፓራሲታሞል 1000። "እንዳይበዛብኝ" ተብሎ በግማሽ የሚዋጠው ሕመሙን አያቆመውም፤ ቀኑ ግን ይቆጠራል። ማቅለሽለሽ ካለ ሐኪም የሚጨምረው 10 ሚሊግራም ሜቶክሎፕራማይድ ጨጓራውንም ያነቃቃል።

በዚህ አልመለስ ካለ ሱማትሪፕታን 50 ሚሊግራም። ዓይኑ ላይ ብልጭታ የሚቀድመው ሰው ብልጭታው ሲመጣ ሳይሆን ራስ ምታቱ ሲጀምር ይዋጠው። ለቀቅ አድርጎት ከተመለሰ ቢያንስ 2 ሰዓት ቆይቶ ይደገማል፤ ከመጀመሪያውም ካልነካው ግን ለዚያው ሕመም ሁለተኛው አይመከርም። የልብ ደም ሥር ሕመም ወይም ስትሮክ ያገኘው፣ ደም ግፊቱም ያልተስተካከለ ሰው አይወስደውም።

ከሦስት ወር በላይ፣ ትሪፕታን (ሱማትሪፕታንና ዘመዶቹ) በወር 10 ቀን፣ ኢቡፕሮፌን ወይም ፓራሲታሞል 15 ቀን ሲደርስ ማስታገሻው ራሱ ራስ ምታት ይወልዳል። ሕመሙ እንዳይመላለስ በየቀኑ የሚዋጠው መከላከያ የሚጀመረው እዚያ ሳይደረስ ነው። ፕሮፕራኖሎል አስም ላለበት አይሆንም። አሚትሪፕቲሊን ማታ ማታ ከ10 ሚሊግራም ይጀመራል፤ እንቅልፍ እምቢ ላለው ደግ ነው። ቶፒራሜት ከ25 ተነሥቶ በየሳምንቱ ይጨመራል፤ ጣት ይነዝራል፣ ቃል ከአፍ ላይ ይጠፋል፣ ፅንስንም ይጎዳል። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን በሁለተኛው ሳምንት "አልሠራልኝም" ተብሎ የሚጣለው ነው። በደረሰበት መጠን ላይ 8 ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ ሠራ የሚባለውም የሕመሙ ቀኖች በግማሽ ሲቀነሱ ነው።

የእሷ መከላከያ ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ነገ ጠዋት ራሷን ቢጀምራት ምን ልበላት? ዋጪው? ወይስ ቻዪው?