ኳስ በመኪና የሚሄድበት አገር

አሜሪካውያን እግር ኳስ አይወዱም ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ኖሬአለሁ። በ2024 ጥቅምት ወር (ቀኖቹን፣ ወሮቹንና ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) ዋሽንግተን አካባቢ በሄድኩ ጊዜ ጓደኛዬ ቅዳሜ ማለዳ ይዞኝ የወጣው ከከተማዋ በስተሰሜን ምዕራብ ወደምትገኘው ቦይድስ ነበር። ሜሪላንድ ሶከርፕሌክስ የሚባለው ሰፊ ግቢ እዚያ ነው። ሜዳ ከሜዳ ተያይዟል፤ በየሜዳው ቀይ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ ማልያ የለበሱ ልጆች ይራወጣሉ። ሣሩ ታጭዷል፣ መስመሩ ተሰምሯል፣ ጎሉ ሁሉ መረብ አለው። እኔ ባደግሁበት ሰፈር ቢሆን ከእነዚህ ሜዳዎች ለአንዷ ስንት ቡድን ይጣላ ነበር! በዚህ አገር የኳስ ፍቅር የለም የሚል ሰው እዚህ ቆሞ ቢያይ ብዬ ተመኘሁ።

የጓደኛዬ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። የእሷ ጨዋታ እስኪደርስ ከአጠገባችን ባለች ጠባብ ሜዳ የሚጫወቱ የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ልጆችን ቆሜ አየሁ። ወላጆች በአንዱ መስመር በኩል ተጣጣፊ ወንበራቸውን ዘርግተው፣ ቡናቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ዳኛዋ ራሷ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የምትመስል ልጅ ናት። በረኛው ኳሷን ከፍ አድርጎ ለጋት፤ አንድ ልጅ ከሥሯ ደረሰና በግንባሩ ሊመታት ሲችል አንገቱን ቀብሮ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ኳሷ መሬት ነጥራ አለፈችው። ለምን ብዬ ስጠይቅ ጓደኛዬ አስረዳኝ። የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን አሥር ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ኳስ በግንባር እንዳይመቱ በ2015 ወስኗል፤ ውሳኔው የመጣውም የጭንቅላት ጉዳት ያሳሰባቸው ወላጆች ክስ ከመሠረቱ በኋላ ነው። መልካም ደንብ ነው። ለእኛም ልጆች በተደረገ እላለሁ።

ያልወደድኩት ሌላ ነገር ነው። አሰልጣኙ ለአፍታ እንኳ ዝም አላለም። «አቀብል! ወደ ኋላ! ወደ ክንፍ ውጣ!» ኳሷ እግሩ ሥር የገባችለት ልጅ ሁሉ ቀና ብሎ የሚያየው ተጋጣሚውን ሳይሆን አሰልጣኙን ነው። አብዶ ልሥራ ያለ አንድም ልጅ አላየሁም። ፊሽካው ተነፋ፤ ልጆቹ ተጨባበጡ፤ ኳሶቹ በመረብ ከረጢት ተሰበሰቡ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ጭማቂና ብስኩት ታደለና ሁሉም ወደየመኪናው ገባ። ቀጣዮቹ ቡድኖች እስኪመጡ ሜዳው ክፍት ነበር፤ በዚያ ክፍተት ውስጥ ኳስ ይዞ የገባበት ልጅ የለም።

ጓደኛዬ ያደገው ጃን ሜዳ አጠገብ ነው። ወደ ቤት ስንመለስ እንዲህ አለኝ፦ «እኛ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ደብተራችንን ጎል አድርገን እንጫወት ነበር፤ እናቶቻችን ሲመሽ እየተጣሩ ነው የሚያስገቡን። እሷ ግን ለኳስ ቀጠሮ አላት። ማክሰኞና ሐሙስ ልምምድ፣ ቅዳሜ ጨዋታ። ከዚያ ውጭ ኳሷ የምትውለው መኪና ውስጥ ነው።» ልጅቷ ከኋላ ወንበር ሆና፣ «ጋሼ፣ አባዬ ሁልጊዜ ይህንኑ ነው የሚያወራው» ብላ ሳቀች። ለክለቧ በዓመት ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ ይከፈላል። ማልያው፣ ከግዛት ግዛት እየተዞረ የሚደረገው ውድድር፣ ሆቴሉና ቤንዚኑ ሲጨመር ወጪው ከዚያ እጅግ ያልፋል። ጓደኛዬ ሁለት ሥራ ይሠራል።

በዚህ ጉዞ ሁሉ ከአእምሮዬ ያልወጣው ነገር ይህ ነው። የአሜሪካ እግር ኳስ ልጅ አላጣም፣ ሜዳም አላጣም። ጨዋታው ግን ለመክፈል አቅም ላለው ቤተሰብ የሚሸጥ አገልግሎት ሆኗል፤ የድሃ ልጅ ደግሞ ችሎታ ቢኖረው እንኳ የሚያየው አሰልጣኝ ዘንድ አይደርስም። የቀድሞው የብሔራዊ ቡድን አጥቂ ክሊንት ዴምፕሲ ያደገው ናኮግዶቸስ በምትባል የቴክሳስ ከተማ፣ በተጎታች ቤት ውስጥ ነው። ኳስ የለመደው ከሜክሲኮ ስደተኞች ጋር እየተጋፋ ሲሆን፣ ደህና ክለብ ለማግኘት ቤተሰቡ እስከ ዳላስ ሦስት ሰዓት ያህል ይነዳለት ነበር። ገንዘቡ አልበቃ ብሎ ክለቡን ያቋረጠበት ጊዜም ነበር። ያ ልጅ ለብሔራዊ ቡድኑ 57 ጎል አስቆጥሮ ከላንደን ዶኖቫን ጋር የክብረ ወሰን ተጋሪ ሆነ። ሦስት ሰዓት የሚነዳ ወላጅ ያልነበራቸው ስንት ዴምፕሲዎች የትም ሳይደርሱ ቀርተው ይሆን? ጥቅምት 10 ቀን 2017 ብሔራዊ ቡድኑ በትሪኒዳድ 2 ለ 1 ተሸንፎ ከሩሲያው የዓለም ዋንጫ ሲቀር፣ ከ1986 ወዲህ ያልደረሰበት ውርደት ነበርና፣ አሜሪካውያን ራሳቸው ስለዚህ ክፍያ አምርረው መነጋገር ጀመሩ።

በሚቀጥለው ዓርብ ማታ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአሜሪካ ፉትቦል፣ ማለትም ሞላላ ኳስ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት ስፖርት፣ ግጥሚያ ተመለከትኩ። መብራቱ ገና ከሩቅ ይታያል። የማርሽ ባንዱ ከበሮ ደረት ያንቀጠቅጣል፤ አያቶች የልጅ ልጆቻቸውን ቁጥር የያዘ ሹራብ ለብሰዋል፤ ከተማው በሙሉ የመጣ ይመስላል። የዚያው ትምህርት ቤት የእግር ኳስ ቡድን በዚያው ሳምንት በዚያው ሜዳ ተጫውቶ ነበር፤ ከቀትር በኋላ፣ ወላጆች በሥራ ላይ ባሉበት ሰዓት። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሁለቱንም ያያል። ሰው የሚያጨበጭብለት የትኛው እንደሆነ ለመረዳት ምክር አያስፈልገውም። ጋሉፕ በ2017 በሠራው የሕዝብ አስተያየት ጥናት፣ ከሁሉ አስበልጠው ማየት የሚወዱት ስፖርት የአሜሪካ ፉትቦል ነው ያሉት 37 በመቶ ነበሩ፤ ቅርጫት ኳስ 11፣ ቤዝቦል 9፣ እግር ኳስ 7 በመቶ አገኙ። ሰባት በመቶ ትንሽ ይመስላል፤ ለዘመናት የአገሪቱ መዝናኛ ሲባል የኖረውን ቤዝቦል ለመያዝ ግን ሁለት ነጥብ ብቻ ቀርቶት ነበር።

ቴሌቪዥኑም ድርሻ አለው። የአሜሪካ ፉትቦል በየጥቂት ደቂቃው ይቆማል፣ በቆመ ቁጥርም ማስታወቂያ ይገባል። አርባ አምስት ደቂቃ ያለማቋረጥ የሚሄድ ጨዋታ ግን ለማስታወቂያ ሻጭ አይመችም። ሜጀር ሊግ ሶከር በ1996 በአሥር ቡድኖች ሲጀመር አሜሪካዊውን ተመልካች ለማስደሰት ሲል ሰዓቱን ወደ ኋላ እንዲቆጥር አደረገ፤ አቻ ውጤት እንዳይኖርም ተጫዋቹ ከ35 ያርድ ርቀት ኳሷን እየገፋ ከበረኛው ጋር አንድ ለአንድ የሚገናኝበትን የመለያ ምት አስገባ። ሁለቱም ከ1999 በኋላ ቀሩ። መቅረታቸው ትክክል ነበር። የሌላውን ስፖርት ልብስ ያለበሱት እግር ኳስ የሌላውን ተመልካች አላመጣም፤ የራሱን ሰው ግን አስከፋ።

ያ የራሱ ሰው ማን እንደሆነ ለማየት የዲሲ ዩናይትድ ስታዲየም ወደሆነው ኦዲ ፊልድ ሄድኩ። ከሜትሮ ባቡሩ አረንጓዴ መስመር ኔቪ ያርድ ጣቢያ ወርዶ፣ የቤዝቦሉን ስታዲየም አልፎ ትንሽ መራመድ ነው። በ2018 የተከፈተው ሜዳ 20 ሺህ ሰው ይይዛል። ዲሲ ዩናይትድ የሊጉን የመጀመሪያ ሻምፒዮና በ1996 ያነሣ ክለብ ነው፤ ከዚያም በ1997፣ በ1999 እና በ2004 ደገመ። ባራ ብራቫ የሚባለውን የደጋፊዎች ቡድን የመሠረቱት ቦሊቪያውያን ስደተኞች ናቸው። በቀድሞው አርኤፍኬ ስታዲየም እነሱ ሲዘሉ መቀመጫው እርከን እንዳለ ወደ ላይና ወደ ታች ይናጥ እንደነበር አጠገቤ የቆመ አንድ ሽማግሌ እጁን እያወዛወዘ አሳየኝ። ከበሮው አልቆመም፤ ዘፈኑ ግማሹ ስፓኒሽ ነው፤ ከፊቴ ያለች ሕፃን በአባቷ ትከሻ ላይ ሆና ትዘፍናለች። ስለ ፍሬዲ አዱም አወጋኝ። በጋና ተወልዶ ሜሪላንድ ያደገ፣ በአሥራ አራት ዓመቱ በ2004 ለዚህ ክለብ የተሰለፈ ልጅ። የአንድ ትልቅ አገር የኳስ ተስፋ በሙሉ በአንድ ሕፃን ጫንቃ ላይ ተጫነ። ሽማግሌው ስሙን ሲጠራ ድምፁ ዝቅ አለ፤ እኔም አዘንኩ። ሌሎች ብዙ ልጆች ከሥር እየመጡ ቢሆን ኖሮ ያንን ሸክም ብቻውን ባልተሸከመ ነበር።

ከዋሽንግተን በአውቶቡስ ወደ ኒው ጀርሲ ወጣሁ። ካርኒን ማየት ፈልጌ ነው። ከኒውርክ አጠገብ፣ በፓሴይክ ወንዝ ዳር ያለች የሠራተኛ ከተማ ናት። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የክር ፋብሪካዎች ከስኮትላንድ ሠራተኛ አስመጡ፤ ሠራተኛውም ኳሱን ይዞ መጣ። አሜሪካና ካናዳ በ1885 የተጋጠሙት በዚሁ አካባቢ ነው፤ ካናዳ 1 ለ 0 አሸነፈች። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ይህች ትንሽ ከተማና አካባቢዋ ጆን ሃርክስን፣ ቶኒ ሜዮላንና ታብ ራሞስን ለአንድ ብሔራዊ ቡድን አበረከቱ። የአንዱ አባት ስኮትላንዳዊ፣ የሌላው ጣሊያናዊ፤ ራሞስ ራሱ የተወለደው በኡራጓይ ነው። ሦስቱም በ1990 እና በ1994 የዓለም ዋንጫ ተሰልፈዋል። ሃርክስ በኋላ የዲሲ ዩናይትድ አምበል ሆነ።

ካርኒ ያገኘሁት ቦይድስ ያጣሁትን ነው። በአንድ መናፈሻ አስፋልት ላይ ልጆች ሹራባቸውን ጎል አድርገው ይጫወታሉ፤ ፖርቱጋልኛም ስፓኒሽም ይሰማል። አሰልጣኝ የለም። ትንሹ ልጅ ሁለቱን አልፎ ሦስተኛው ላይ ኳሷን ተነጠቀ፤ ጓደኞቹ ጮሁበት፤ በሚቀጥለው ዙር ያንኑ ደግሞ ሞከረና ሦስተኛውንም አለፈ። ሰዓት እስኪመሽብኝ ድረስ ቆሜ አየኋቸው።

ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ ኢስት ራዘርፎርድ ላይ፣ የጃያንትስ ስታዲየም ነበር። ፔሌ በ1975 ለኒው ዮርክ ኮስሞስ ከፈረመ በኋላ፣ በ1977 ነሐሴ አንድ ግጥሚያ 77,691 ሰው ያየው እዚያ ነው። ኮስሞስ ይጫወትበት የነበረው የያኔው ሊግ ግን ከ1984 የውድድር ዘመን አላለፈም፤ ክለቦቹ ከአቅማቸው በላይ አወጡ፣ ኮከቦቹ ሄዱ፣ ተመልካቹም ሄደ። ስታዲየሙ ፈርሶ አጠገቡ የቆመው ሜትላይፍ የ2026 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ተመድቦለታል። የ1994ቱ የዓለም ዋንጫ ለአንድ ጨዋታ በአማካይ ወደ 69 ሺህ የሚጠጋ ሰው አምጥቶ ነበር። ስለዚህ ስታዲየም መሙላት ለአሜሪካ አዲስ ነገር አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ የዚያ ትኬት ገንዘብ ካርኒ አስፋልት ላይ ላሉት ልጆች የሚደርስበት መንገድ መኖር አለመኖሩ ነው።

በሴቶቹ በኩል አሜሪካ መንገዱን አግኝታዋለች። የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ትምህርት ቤት በጾታ እንዳያዳላ የሚያዘው የ1972 ሕግ ዩኒቨርሲቲዎችን የሴቶች ቡድን እንዲያቋቁሙና የነፃ ትምህርት ዕድል እንዲሰጡ ገፋቸው። ፍሬው አራት የዓለም ዋንጫ ነው፦ 1991፣ 1999፣ 2015 እና 2019። በ1999 ሮዝ ቦውል ስታዲየም የተደረገውን ፍጻሜ 90,185 ሰው አየው። እንግዲህ ሕግ ሲወጣና በር ሲከፈት ይህ ሕዝብ እግር ኳስ ይወዳል።

የጓደኛዬ ልጅ መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈችው የአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን ተከላካይ ናኦሚ ግርማ ናት። ሳን ሆሴ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደችው ናኦሚ ኳስ የጀመረችው ውድ ክለብ ውስጥ አይደለም፤ የአካባቢው ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ሰብስበው ባቋቋሙት ማለዳ በሚባለው ቡድን ነው። ከዚያ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ፣ የሳን ዲዬጎ ክለብ፣ በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ወርቅ። በጥር 2025 ወደ ቼልሲ ስትዛወር የዝውውር ዋጋዋ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር ያለፈ የመጀመሪያዋ ሴት ተጫዋች ሆነች። ኩራቴን አልደብቅም። የእኛ ሰዎች በሰሜን አሜሪካ ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ የኳስ ውድድር ያዘጋጃሉ፤ ኳስ ሰው የሚሰበስብበት ጉዳይ መሆኑን የሚያስረዳቸው አያስፈልግም።

ጓደኛዬን ስሰናበተው ይህንኑ ነገር አነሣሁበት። «ማለዳን ያቋቋሙት እንደ አንተ ያሉ አባቶች ናቸው» አልኩት። መልስ አልሰጠኝም። ከጥቂት ወራት በኋላ ስልክ ደወለ። ከቤተ ክርስቲያን ከሚያውቃቸው አባቶችና እናቶች ጋር ሆነው፣ በአቅራቢያቸው ያለ የትምህርት ቤት ሜዳ እሑድ ከሰዓት በኋላ እንዲፈቀድላቸው አመልክተው ፈቃዱ ወጥቶላቸዋል። የኢትዮጵያውያን ብቻ አይደለም፤ የኤልሳልቫዶር ጎረቤቶቹ ልጆችም ይመጣሉ። ክፍያ የለውም፣ ታኬታ የሌለው ልጅ በስኒከር ይጫወታል። የመጀመሪያውን ሰዓት አሠልጥነው፣ በሁለተኛው ሰዓት ትልልቆቹ ከመስመር ዳር ርቀው እንዲቀመጡና አንዳችም እንዳይናገሩ ተስማምተዋል። ይህን ሐሳብ ያመጣችው ልጅቷ ናት።